አካል ጉዳተኛ ሰው ለመንግሥት ሥራ ሲያመለክት

ራሃድ የተባለው ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ ወሰን ይሻገርና፥ በሱዳን አገር በገዳሪፍ ግዛት የባቡር ጣቢያ ባላት በሀዋታ ከተማ በኩል አልፎ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይገናኛል። በዚህ ወንዝ ላይና ታች፥ በማሽላውና በሰሊጡ አገር የሚኖረው ሕዝብ በንግድና በእርሻ ሥራ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የተገናኘ ነው። የሚተዳደረው ግን በሁለት መንግሥታት ሕግ ስለ ሆነ፥ አንድ አካል ጉዳተኛ ሰው «የመንግሥት ሥራ ለማግኘት ወዴት ሄጄ ምን ብዬ ላመልክት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በወንዙ ራስጌና በግርጌው አንድ ሆኖ አይገኝም። ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው ይኸው ነው። ነገሩ ለአመልካቹ ብቻ ሳይሆን ማመልከቻውን ተቀብሎ ለሚመረምረው ሹምም የሚጠቅም ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሕግ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ባለማወቅ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው መግለጫ ከዓለም ሕዝብ 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፥ ማለት ከመቶ 16 የሚሆነው፥ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑን አስታውቋል። ይኸውም ከስድስት ሰው አንድ ሰው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ከስድስቱ ሠራተኛ አንዱ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ እምብዛም የለም። የቀሩት የት ናቸው ቢባል፥ ከፊሎቹ ከትምህርት ቤት ደጅ አልደረሱም፤ ከፊሎቹ ተምረው ሳያመለክቱ ቀርተዋል፤ ከፊሎቹም አመልክተው ወረቀታቸው ሳይገለጥ ከበር ተመልሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ነገር ሰፊ ስለ ሆነ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። እዚህ የሚነገረው ስለ ሁለተኞቹና ስለ ሦስተኞቹ ነው።

በመጀመሪያ በሀዋታ በኩል ያለውን ማየት ይገባል። ሱዳን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2007 ባወጣችው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ፥ ከመንግሥት የሥራ ቦታዎች ከመቶ 2 የማያንሰው ለአካል ጉዳተኞች እንዲጠበቅ አዝዛለች። በ2009 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች፤ በ2017ም ስለ አካል ጉዳተኞች ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። ስለዚህ የሱዳን ዜግነት ያለው የሀዋታ ነዋሪ ማመልከቻ ሲያቀርብ፥ ከችሎታው ማስረጃ ጋር በዚሁ በተጠበቀው ድርሻ ለመወዳደር የሚፈልግ መሆኑን በግልጽ መጻፍ ይገባዋል፤ ካልጻፈ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተደባልቆ ይቈጠራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ከስፍራቸው አፈናቅሎ፥ ገዳሪፍንም የተፈናቃዮች መጠጊያ ስላደረጋት፥ ይህን ድርሻ በሥራ ላይ ማዋል እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ቢሆንም ሕግ በጦርነት ምክንያት ቢተኛ ተሻረ ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያም በኩል በመጀመሪያ የተያዘው መንገድ ይህንኑ ይመስል ነበር። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለእነርሱ ተለይተው የሚጠበቁ የሥራ ቦታዎች እንዲኖሩ ያደርግ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቶ የቀድሞውን ሲተካ ግን ይህ አሠራር ቀረ። ምክንያቱንም አዋጁ ራሱ በመግቢያው ገልጾታል። ቦታ ለይቶ መጠበቁ አካል ጉዳተኛው በችሎታው ተወዳድሮ ሥራ መያዝ የማይችል ሰው ነው የሚል ግምት በሕዝብ ዘንድ ማሳደሩን፥ በሥራውም ቦታ ሊደረግለት የሚገባውን ማመቻቸት አለማረጋገጡን አመልክቷል።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በሌላም አገር ያለ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1944 የወጣ ሕግ 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከመቶ 3 አካል ጉዳተኞችን እንዲቀጥር አዝዞ ነበር፤ ብዙዎቹ አሠሪዎች ሳይፈጽሙት ኖረው በ1995 በወጣ ሕግ መድልዎን በመከልከል ተተካ። ኬንያ ደግሞ በ2010 ሕገ መንግሥቷ በምርጫና በሹመት ከሚያዙት ቦታዎች ከመቶ 5 ለአካል ጉዳተኞች እንዲደርስ ደረጃ በደረጃ እንደምትሠራ ጽፋለች። እውነቱን ለመናገር ድርሻ መጠበቅ በሩን ይከፍታል፤ ገቢውን ግን «በምጽዋት የገባ» ያሰኘዋል። በእኩልነት ማወዳደር ክብርን ይጠብቃል፤ ነገር ግን መዝገቡን የሚመረምር፥ የሚጠይቅና የሚከስ ሰው ከሌለ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለተኛውን መንገድ ስለ መረጠ፥ የአመልካቹ ጠያቂነት ከሌላ አገር ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 ምን ይላል? የሥራው ጠባይ የማይከለክል ከሆነ፥ አካል ጉዳተኛው ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ኖሮት ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ብልጫ ያለው ነጥብ ካገኘ፥ ያለ አንዳች አድልዎ በክፍት ቦታው የመቀጠር መብት አለው። ነጥቡ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ይኸውም የቅድሚያ ሐሳብ በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ውስጥ ቀደም ብሎ ተጽፎ የነበረ ነው፤ በዚያ አዋጅ ሴቶችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ያነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆችም ተጠቅሰዋል። የአማራ ክልልን የመሰሉ የፌዴሬሽኑ አባላት ደግሞ የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በየጊዜው የሚታደስ ስለ ሆነ፥ አመልካቹ በሚያመለክትበት ቀን የሚሠራበት አዋጅና መመሪያ የትኛው እንደ ሆነ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቆ ቁጥሩን በደብተሩ መያዝ ይበጀዋል። ቁጥር ጠቅሶ የሚናገር ሰው በየቢሮው የተሻለ ጆሮ ያገኛል።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም ማመቻቸት የተባለው ነው። ማመቻቸት ማለት የሥራውን መሣሪያ፥ የሥራውን ሰዓት፥ የሥራውን አከፋፈልና የሥራውን ስፍራ ለጉዳተኛው በሚስማማ መንገድ ማስተካከል ነው። በአሠሪው ላይ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም የማያመጣ እስከ ሆነ ድረስ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ማመቻቸት ባለመኖሩ ምክንያት አካል ጉዳተኛው እኩል ዕድል ካጣ፥ አሠሪው በአፉ «አልቀጥርህም» ባይለውም አድልዎ እንደ ተደረገበት ይቈጠራል። ይህ ለብዙ ሹማምንት አዲስ ነገር ነው። አድልዎ ማለት መስደብና ማባረር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አምስተኛ ፎቅ ላይ፥ አሳንሰር በሌለበት ሕንፃ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ለፈተና መጥራት ግን ከስድብ የባሰ ነው፤ ስድብ መልስ አለው፤ ደረጃ ግን መልስ የለውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ የሆኑ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ማዘዙም በዚህ ምክንያት ነው።

«የሥራው ጠባይ የማይከለክል ከሆነ» የተባለው ሐረግ በሥራ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክር ነው። ለመኪና ነጂነት ዓይን ያስፈልጋል፤ በዚህ ክርክር የለም። ለመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ግን ሁለት እግር ያስፈልጋልን? ለሕግ አማካሪነት ዓይን ያስፈልጋልን? ለሒሳብ ሠራተኛ ጆሮ ያስፈልጋልን? ሹሙ ይህን መለየት የሚችለው የሥራውን ዝርዝር ወስዶ በየቁጥሩ «ይህ ተግባር በሌላ መንገድ ሊፈጸም አይችልምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህን ሳያደርግ በማስታወቂያው ግርጌ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» ወይም «የአካል ጉድለት የሌለበት» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፥ ከልማድ የተቀዳ አንድ መስመር በመጨመሩ ሕግ አፍርሷል ማለት ነው፤ ለሥራው በእውነት የማያስፈልግ መስፈርት ማውጣት በአዋጁ እንደ አድልዎ የሚታይ ነውና።

በኢትዮጵያ ሕዝብ ልማድ ውስጥም ለዚህ የሚቃረን ማስረጃ ሞልቷል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ዓይናቸው የማያይ መምህራን ቅኔውንና ዜማውን በቃላቸው ይዘው ብዙ ደቀ መዛሙርት ሲያወጡ ኖረዋል። ሕዝቡ ልጁን አምኖ ለዓይነ ስውር መምህር ሲሰጥ ኖሮ፥ አንድ ደብዳቤ ለዓይነ ስውር ጸሐፊ ለመስጠት መፍራቱ የሚገርም ነው። በቅርቡም ዘመን በደቡብ ወሎ የተወለደችው ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፥ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ዓይነ ስውር መሆኗ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናትና ወደ ትምህርት እንደ መራት እርሷ ራሷ በአደባባይ የተናገረችው ነው።

እንግዲህ ወደ ማመልከቱ ነገር እንምጣ ቢባል፥ ነገሩ የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው። ክፍት የሥራ ቦታ የሚነገረው በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፥ በጋዜጣና አንዳንድ ጊዜም በሬዲዮ ነው። ሰሌዳው ለዓይነ ስውር፥ ሬዲዮው መስማት ለተሳነው እንደሌለ ይቈጠራል። የምዝገባው ቀን አጭር ስለ ሆነ አመልካቹ በሰው ምሕረት ብቻ መኖር የለበትም፤ በየሳምንቱ በታወቀ ቀን ሰሌዳውን የሚያነብለት ወይም ጋዜጣውን የሚያሳየው የታመነ ሰው ያዘጋጅ፤ በሚኖርበት ከተማ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ካለም ይመዝገብ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተ የቆየ ማኅበር ነው፤ መስማት የተሳናቸውና ሌሎቹም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። የማኅበር ጥቅሙ መታወቂያ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ በኋላ እንደሚገለጸው በፍርድ ቤት የሚቆም ባለጉዳይም ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያው እንደ ታወቀ አመልካቹ የሚያቀርበው ከማናቸውም ተወዳዳሪ የሚጠየቀውን ነው፤ ይኸውም የትምህርት ማስረጃ፥ የሥራ ልምድ ማስረጃ፥ የነዋሪነት መታወቂያና በማስታወቂያው የተዘረዘረ ሌላ ወረቀት ነው። ዋናውንና ቅጂውን አብሮ መያዝ ይገባል፤ ዋናው ታይቶ ወዲያው መመለስ አለበት እንጂ በመሥሪያ ቤቱ መቅረት የለበትም። ከዚህ በላይ የጉዳቱን ዓይነት የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ወይም የማኅበር መታወቂያ ቢያያዝ ቅድሚያውንና ማመቻቸቱን ለመጠየቅ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ጉዳታቸውን ቢናገሩ ከመጀመሪያው የሚጣሉ ስለሚመስላቸው ማመልከቻው ላይ ዝም ይላሉ። ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ፥ ለምሳሌ ጆሯቸው የሚከብድ ወይም በአንድ ዓይናቸው ብቻ የሚያዩ ሰዎች በተለይ እንዲህ ያደርጋሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በፈተናው ዕለት የተነገረውን መመሪያ ሳይሰሙ ወይም በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ጥያቄ ሳያነቡ ቢወድቁ፥ ማመቻቸት ባለመጠየቃቸው በኋላ የሚያቀርቡት አቤቱታ ሥር አይኖረውም። መሥሪያ ቤቱም «ማን ነገረን?» ብሎ ይመልሳል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው በዚህ ስፍራ ልክ ነው። የሚነገረው ግን የሕመም ታሪክ አይደለም፤ የሚነገረው ሥራውንና ፈተናውን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል የዓይነ ስውር አመልካች ደብዳቤ እንደሚከተለው አጭር ሊሆን ይችላል፦

«ለ… መሥሪያ ቤት። ጉዳዩ፦ ለሥራ ውድድር ማመልከትን ይመለከታል። መሥሪያ ቤቱ በ… ቀን ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት በ… የሥራ መደብ ለመወዳደር አመለክታለሁ። በ… ትምህርት በ… ዓ.ም. የተመረቅሁ ስሆን የ… ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ። ዓይነ ስውር በመሆኔ በፈተናው ቀን ጥያቄውን አንብቦ መልሴን የሚጽፍልኝ ሰውና ተጨማሪ ሰዓት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ነጥቤ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ቢሆን በሕግ የተሰጠኝ ቅድሚያ እንዲጠበቅልኝ አሳስባለሁ። የማስረጃዎቼን ቅጂ … ገጽ አያይዣለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ልመና የለበትም፤ «ችግረኛ ነኝ» «ልጆች አሉኝ» የሚል ቃልም አልገባበትም። እንዲህ ያለው ቃል አንባቢውን ሹም ወደ ርኅራኄ ይመራዋል፤ ርኅራኄ ደግሞ ጥቂት ብር ከኪስ ያስወጣ ይሆናል እንጂ የቅጥር ደብዳቤ አያስፈርምም። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለመዝገብ ቤት ሲሰጥ፥ በአመልካቹ እጅ በሚቀረው ላይ የገባበት ቀንና ቁጥር ማኅተም እንዲደረግበት ያስፈልጋል። ይህ ማኅተም ያለበት ወረቀት በኋላ ከምስክር ይልቅ ይናገራል።

በፈተናው ቀን የሚደረገው ማመቻቸት እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይለያያል። ለዓይነ ስውር አንባቢና ጸሐፊ ሲመደብ፥ የተመደበው ሰው የሚፈተነውን ትምህርት የማያውቅ ባይሆን ይመረጣል፤ የማያውቅ አንባቢ ቃሉን ሰብሮ ስለሚያነብ ተፈታኙን ይጥለዋል። በዚያው አንጻር መልስ እንዳይነግረው ሁለተኛ ሰው አጠገብ መቀመጥ አለበት። መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቅረብ፤ አስተርጓሚ ካልተገኘ ቢያንስ የቃል መመሪያው ሁሉ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የቃል ፈተናውም በጽሑፍ ይለወጥለት። እጁ ለተጎዳ በኮምፒውተር እንዲጽፍ፥ ለመራመድ ለተቸገረ ፈተናው በምድር ቤት እንዲሆን ማድረግ ወጪው ቀላል ነው። ብዙው ማመቻቸት ከገንዘብ ይልቅ አስቀድሞ ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

ፈተናውን ካለፉ በኋላ የሚመጣው የጤና ማስረጃ ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ነው። አዲስ ሠራተኛ ከመቀጠሩ በፊት የጤና ምርመራ ማስረጃ እንዲያቀርብ በሥርዓቱ ይጠየቃል። የምርመራው ዓላማ ሰውየው የተመረጠበትን ሥራ ለመሥራት የሚችል መሆኑን ማወቅ ነው እንጂ አካሉ ሙሉ መሆኑን መቍጠር አይደለም። ስለዚህ አመልካቹ ወደ ሐኪም ሲሄድ የተመረጠበትን የሥራ መደብና የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ይዞ ቢሄድ እጅግ ይጠቅመዋል። ሐኪሙ ሥራው ምን እንደ ሆነ ካላወቀ «የግራ እግር ሽባነት አለበት» ብሎ ብቻ ጽፎ ይልካል፤ ያንን የሚያነበው ሹም ደግሞ የፈለገውን ይተረጕማል። ሐኪሙ ዝርዝሩን አይቶ «ጉዳቱ ይህን ሥራ ከመፈጸም አያግደውም» ብሎ ከጻፈ ግን ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ከተቀጠሩም በኋላ ሕጉ አይተዋቸውም። ደመወዛቸው በዚያው የሥራ መደብ ላይ ካለ ሠራተኛ ደመወዝ አያንስም። ሥራውን ለመፈጸም ወይም ሥልጠና ለመከታተል ረዳት የሚያስፈልገው ከሆነ አሠሪው ረዳት እንዲመድብ አዋጁ ያዝዛል። ሴት አካል ጉዳተኞች በሴትነታቸውም በጉዳታቸውም ሁለት ሸክም ስለሚደራረብባቸው ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው፥ በሥራ ቦታም ከጾታ ጥቃት እንዲጠበቁ አሠሪው ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በሙከራ ቅጥር ዘመን ማመቻቸት ሳይደረግ የሚሰጥ ዝቅተኛ የሥራ ነጥብ ሠራተኛውን የሚለካ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱን የሚለካ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው የጠየቀውንና የተከለከለውን በየቀኑ በጽሑፍ ቢያቆይ መልካም ነው።

በገዳሪፍ አካባቢ ስለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ለብቻው የሚባል አለ። ወደ እርሻ ሥራ የወረዱ፥ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኡም ራኩባና በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የገቡ፥ ከ2015ቱም ጦርነት ወዲህ በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አካል ጉዳተኛ ሆኖ በምዕራብ ጎንደር ዞን፥ በመተማ ወይም በገንዳ ውሃ፥ ለመንግሥት ሥራ ቢያመለክት ከጉዳቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ወረቀት ነው። የመንግሥት ሥራ ለኢትዮጵያዊ ዜጋ የሚሰጥ ስለ ሆነ በመጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያውን ያድስ። በሱዳን የተማረበት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ በዐረብኛ የተጻፈ ከሆነ በሕጋዊ አስተርጓሚ ያስተርጉም፤ የማስረጃውንም አቻነት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያስጠይቅ። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። በመራመድ ወይም በማየት የሚቸገር ሰው ለምዝገባ ብቻ ረጅም መንገድ እንዳይመላለስ ሕጋዊ ወኪል ሊልክ ይችላል፤ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎችም ይህን ይፈቅዳሉ።

ከወሰን ወዲያና ወዲህ የሚለያይ ሌላም ነገር አለ፤ ሹማምንትም አመልካቾችም አብዝተው አያስቡትም። ዓይነ ስውራን የሚያነቡበት ብሬል የተባለው ጽሕፈት በሁለቱም አገር በስድስት ነጥብ የተመሠረተ ቢሆንም፥ የዐረብኛው ነጥብ ለዐረብኛ ፊደል፥ የአማርኛውም ለአማርኛ ፊደል የተመደበ ስለ ሆነ፥ በገዳሪፍ የተማረ ልጅ የአማርኛውን በጣቱ ቢዳስስ አያነብም። የምልክት ቋንቋም በዓለም ላይ አንድ አይደለም፤ የሱዳንና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ስለዚህ በመተማ በኩል ገብቶ የሚፈተን ሰው «አስተርጓሚ ይቅረብልኝ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ አይበቃውም፤ የሚያውቀው ምልክትና የሚያነበው ጽሕፈት የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መጻፍ አለበት። አለዚያ መሥሪያ ቤቱ ደክሞ ያመጣው አስተርጓሚና ተፈታኙ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይግባቡ ሰዓቱ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አመልካቹ ያለ አግባብ ቢወድቅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የውድድሩን ውጤትና የተጣለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠው የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ ወይም መልሱ ካላረካው ለሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤት ያመልክት። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚቀበሉ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ለሁለት ሲከፈል የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ሄደ፥ በየወረዳው ያለው የዚህ ዘርፍ ጽሕፈት ቤትም ባለጉዳዩን ሊረዳ ይገባዋል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለከሳሹ ያደረገለት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በተለመደው ክርክር የሚያስረዳው ከሳሹ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የአካል ጉዳተኛነቱን አሳይቶ አድልዎ ተደርጎብኛል ሲል፥ አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። የሕጉ አውጪ ይህን ያደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የፈተናው ወረቀት፥ ቃለ ጉባኤውና የነጥቡ መዝገብ ያሉት በአመልካቹ ቤት ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ክሱንም ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን ማኅበሩም ሊያቀርበው ይችላል።

በዚህ ምክንያት የቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ አካል ጉዳተኛ በተወዳደረበት ውድድር ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት ነገር መጻፉን ማረጋገጥ አለበት፤ አመልካቹ ምን ማመቻቸት እንደ ጠየቀ፥ ምን እንደ ተደረገለት፥ ያልተደረገም ካለ በምን ምክንያት እንዳልተደረገ። አመልካቹም ማኅተም ያረፈበትን የማመልከቻውን ቅጂ፥ ፈተና የተጠራበትን ማስታወቂያና የውጤቱን ደብዳቤ በአንድ አቃፊ አድርጎ፥ ቀኑን በማያጠፋ ሰው ዘንድ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ያስቀምጥ።